ከግሸን ሲወርዱ፦ የአንድ ዳቦና የአምስት ሊትር ጠበል ታሪክ

ግሸን ማርያም ደርሶ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ቢያንስ ጠበል ይይዛል። ቤት ለቀሩት፣ ለታመመ ጎረቤት፣ እግሯ አልታዘዝ ላላት እናት። እኛ ቤትም ከበር ኋላ እንዲህ ያለች አንዲት ጀሪካን ነበረች። ልጆች አንነካትም። እንግዳ ውኃ ሲጠማው ከእሷ አይቀዳለትም። በስኒ፣ በጸሎት፣ ጠብ ጠብ እየተደረገ ነበር የምንሰጠው።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከዚህ በታች በምጽፈው ጉዳይ ውስጥ አምስት ሊትር ጠበል አለ። አንድ ዳቦም አለ። ባለታሪኳ የክብር ዶክተር አበበች ጎበና ናቸው። ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። ታሪካቸው ግን ሁልጊዜ የሚነገረው በትልቁ ነው። «የአፍሪካ ማዘር ቴሬሳ» ናቸው ይባልልናል፣ የተረጂው ብዛት ይቆጠርልናል፣ ከዚያ እናጨበጭባለን። እኔ በትንሹ ልነግረው እፈልጋለሁ። የእግዚአብሔርን ፍቅር በተራ ቀን ውስጥ እንዴት ነው የማገኘው ብሎ ለሚጠይቅ ወዳጄ፣ ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም።

ተራራውና መንገዱ

ግሸን ደብረ ከርቤ ያለችው ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ነው። አምባዋ ራሷ የመስቀል ቅርጽ አላት። ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ቦታ ናት ተብሎ ይታመናል፤ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደገባባት በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። መስከረም 21 ቀን አገር ምድሩ ወደዚያ ይተማል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወሎ ድረስ ሄዶ ያንን ዳገት መውጣት ቀልድ አይደለም። የሚሄድ ሰው ስለት አለበት። ወይም ምስጋና አለው። ወይም ለማንም ያልነገረው ልመና ይዞ ነው የሚወጣው።

ወይዘሮ አበበች ያኔ በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ነበሩ። ቡናና እህል ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ይሠራሉ። ትዳር አላቸው፣ ቤት አላቸው፣ ደመወዝ አላቸው። ልጅ አልወለዱም። ኑሯቸው የተደላደለ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1980 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ወደ 1973 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። ከግሸን ሲመለሱ ያለፉበት አገር ድርቅ መትቶት ነበር። የመንገዱ ዳርና ዳር ሰው ወድቆበታል። የሞተ አለ። ሊሞት ያጣጣረ አለ። ቀና ብሎ የሚለምን አለ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሲናገሩ፣ የወደቀው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሳ መራመድ እንኳ አይቻልም ነበር ብለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እሳቸው ተሳልመዋል። ስለታቸውን አድርሰዋል። ጉዞው አልቋል ማለት ይቻላል፤ የቀረው ቤት መግባት ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ስላለው ደጉ ሳምራዊ ስንሰማ፣ ካህኑ ለአገልግሎት ቸኩሎ ቁስለኛውን እንዳለፈው አድርገን እናስባለን። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የምረዳው። ቃሉን ደግሜ ሳነበው ግን «በዚያ መንገድ ወረደ» ይላል። ኢየሩሳሌም ከፍታ ላይ ናት፤ ኢያሪኮ ቆላ ናት። ካህኑ ፊቱን ወደ ቤተ መቅደሱ አላዞረም። ከዚያ ወገን ነው የሚመጣው። ጸሎት ቤት ደርሶ፣ ልቡ ሞልቶ፣ ወደ ቤቱ የሚወርድ ሰውም ገለል ብሎ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ይህ ነገር ያስፈራኛል። እሑድ ቀን ቅዳሴ አስቀድሼ ስወጣ፣ በር ላይ «ስለ ማርያም» የሚሉትን ቀና ብዬ ሳላይ ታክሲ የተሳፈርኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

ወይዘሮ አበበችም እየወረዱ ነበር። ዳቦውን ቆርሰው ሰጡ። አንድ ዳቦ ነው፣ አለቀ። ቀጥሎ እጃቸው ላይ የቀረው ጠበሉ ነበር። ሰጡት።

ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነው። ከተራራ ላይ በስንት ድካም የወረደ፣ ለቤት የታሰበ፣ ጠብ ጠብ የሚደረግ ጠበል ለጥማት ተቀዳ። ውኃ ሆኖ ተጠጣ። «ተጠምቼ አጠጥታችሁኛልና» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል ከዚያ በኋላ ሳነብ የሚታየኝ ያ ጀሪካን ነው። አንድ ዳቦና አምስት ሊትር ጠበል ለዚያ ሁሉ ሰው ምን ሊሆን ነው የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ አይበቃም። እንድርያስም አምስቱን እንጀራና ሁለቱን ዓሣ ሲያይ ይህንኑ ነበር ያለው።

ሕፃኗ

ከዚያ አንዲት ሴት ወድቃ አዩ። ሕፃን ጡቷን ይዛ ትጠባለች። የተኛች ነበር የመሰላቸው። ቀረብ ሲሉ እናትየዋ ሞታለች። አስከሬን የሚሰበስብ አንድ ሰው እዚያው አጠገብ አለ። ሕፃኗ እስክትሞት ድረስ እየጠበቀ ነበር።

ሰውየው ክፉ ነበር ብዬ አላስብም። ያንን ሥራ በዚያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ልቡ ስንቴ ይሰበራል? ሁለቱም ያዩት አንዲትን ሕፃን ነው። አንዱ የመጨረሻዋን ሰዓት አየ። አንዷ አነሷት፣ በጨርቅ ጠቀለሏት፣ ይዘዋት ሄዱ።

ሌላም ልጅ ነበረች። መንገድ ዳር የወደቀ አንድ አባት ልጁን አሳይቷቸው፣ ይህች ልጄ ናት፣ እየሞተች ነው፣ እኔም እየሞትኩ ነው፣ ልጄን አድኑልኝ ብሎ እንደለመናቸው ተናግረዋል። የዚያን ጊዜው መንግሥት ረሃቡ እንዲወራ አይፈልግም ነበርና ልጆቹን በግልጽ ይዞ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ የራሴ ልጆች ናቸው እያሉ ነው ያሳለፏቸው።

ለማሳለፍ ሲባል የተነገረ ቃል ነው። ግን እውነት ሆነ። ልጆቻቸው ሆኑ።

በማግስቱ

ምስክርነት ስንሰማ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ እዚህ ያበቃል። ተዓምሩ ሆነ፣ ልጅቷ ተረፈች፣ እልል። እኔ ግን ጉዳዩ ገና አሁን ነው የሚጀምረው ባይ ነኝ። ሕፃን ልጅ በማግስቱም ይርበዋል። በሌሊት ያለቅሳል። ይታጠባል፣ ልብሱ ይቀየራል፣ ወተቱ ይሞቃል። ግሸን የሚሄደው ሰው በዓመት አንዴ ነው የሚሄደው። ወተት ማሞቅ ግን በየሦስት ሰዓቱ ነው። በሌሊት እግዚአብሔርን የፈለገ ሰው ያኔ ያገኘው ከሆነ፣ ያገኘው ምድጃ አጠገብ ነው።

ዓመቱ ሳይወጣ በቤቱ ውስጥ 21 ልጆች ነበሩ።

21 ልጅ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ክፍል ውስጥ 21 ጥንድ ጫማ ደርድራችሁ እዩት። ባለቤታቸው መጀመሪያ ላይ ደግፈዋቸው ነበር። በኋላ ግን ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ አሉ። በእሳቸው ለመፍረድ አልቸኩልም። ደህና ኑሮ የነበረው ሰው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ቤቱ መንደር ሲሆንበት ቢደነግጥ ሰው ነው። ትዳር ቅዱስ ነው፤ መለያየትን እንደ ምሳሌ ይዤ እየሰበክሁም አይደለሁም። አንድ ጥያቄ ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። ልጆቹ ይመለሱ ቢባል የሚመለሱት ወዴት ነው? ወደዚያው መንገድ ነው።

ወይዘሮ አበበች ልጆቹን ይዘው ወጡ። ንብረታቸውን አብዛኛውን ትተው፣ ጫካ ውስጥ ባለች ደሳሳ ቤት ከልጆቹ ጋር ገቡ። ጌጣጌጣቸውን ሸጡ። በእኛ አገር የሴት ወርቅ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የክፉ ቀን ነው፣ የእናት ማስታወሻ ነው፣ ለሠርግና ለጥምቀት የሚወጣ ነው። እሱም እንደ ዳቦው አለቀ።

ሊጡ

ወርቁ ሲያልቅ እንጀራ እየጋገሩ መሸጥ ጀመሩ። ጠጅም እየጣሉ ሸጡ። እዚህ ላይ ልቆይ፤ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነውና።

እንጀራ የጋገረ ሰው ያውቀዋል። ዛሬ ፈልጌ ዛሬ ልጋግር አይባልም። ጤፉ ይመረጣል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። ይቦካል። እርሾው ካለፈው ሊጥ የተረፈ ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቃል። ውኃው ይቀለበሳል፣ አብሲት ይጣላል፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ይታያል። ከዚያ በኋላ ነው እሳቱ የሚነደውና ምጣዱ የሚሰማው። ማክሰኞ የሚበላው እንጀራ ቅዳሜ ወይም እሑድ ተቦክቷል ማለት ነው። ጠጅ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ማርና ጌሾው ተጥሎ ሳምንታት ይጠብቃል።

አንድ ልጅ በቀን ሁለት እንጀራ ብቻ ቢበላ፣ ለ21 ልጅ 42 እንጀራ ነው። ለሽያጭ የሚሆነው ከዚህ በላይ ነው። ስሌቱ የእኔ ነው፤ እጅ ግን ሁለት ብቻ ነው። ጭሱ አለ፣ ማገዶው አለ፣ ምጣዱን የሚያሰሰው ጨርቅ አለ፣ አክንባሎው ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣው እንፋሎት አለ።

ሊጥ ያቦካ ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ያለችውን ማለዳ አምኗል። ልጆቹ ያኔም እዚህ ይሆናሉ፣ እኔም እኖራለሁ፣ እሳቱም ይነድዳል ብሏል። እምነት የሚባለውን ነገር በቃል ማስረዳት ሲያቅተኝ ወደዚች ቡሃቃ እመለሳለሁ። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» እያልን የምንጸልየው ጸሎት በዚያች ደሳሳ ቤት ውስጥ ትርጓሜ አላስፈለገውም። ቃል በቃል ነበር። ሰጠን ሲባል ደግሞ የሚሰጠው በሰው እጅ በኩል ነው። እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲወርድላቸው እንኳ ማለዳ ተነስቶ መልቀም የእነሱ ሥራ ነበር።

በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 ላይ ያለችው የሰራፕታ መበለትም እንዲሁ ናት። ኤልያስ ሲመጣባት ያላት እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር። መጽሐፉ ማድጋው ሞልቶ ፈሰሰ አይልም። ዱቄቱ አልተጨረሰም፣ ዘይቱ አልጎደለም ነው የሚለው። በየቀኑ ገብታ ስታይ ለዚያ ቀን የሚበቃ ነበር። መጋገሩ ግን የእሷ ነበር፣ በየቀኑ።

አሁን ደግሞ ወደ ገዢዎቹ ልሂድ። እነሱን የሚያነሳ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። እንጀራ ከተሸጠ የገዛ ሰው አለ። ለምሳ አምስት እንጀራ ይዛ የሄደች ሴት አለች። ጠጅ ጠጥቶ ሂሳቡን ከፍሎ የወጣ ሰው አለ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ሳያውቁ፣ ከሳንቲማቸው ላይ የአንድ ልጅ እራት ወጣ። እንዲህ ያለውን ነገር ሳስብ ሰፈሬ ሌላ መልክ ይይዝብኛል። ጉሊት ቲማቲም የምትሸጥልኝ እናት ቤት ስንት ልጅ እንዳለ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን ጠይቄያለሁ። አራት ናቸው፤ አንዱ የእህቷ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዋጋ አልከራከርም። ትልቅ ነገር አድርጌ አይደለም የምነግራችሁ። እግዚአብሔር በዚያ ጉሊት ሲያልፍ ስንት ዓመት ሳላየው እንደቀረሁ ሳስብ ግን ያሳዝነኛል።

የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል ስላልቻሉ፣ ልጆቹን የሚያስተምር ሰው ፈልገው ወደዚያች ቤት እንዲመጣ አደረጉ። ልጅ ማብላት ብቻውን አልበቃቸውም። ፊደል እንዲቆጥሩም ፈለጉ። ይህም ፍቅር ነው። የእናት ፍቅር ደብተር ድረስ ይሄዳል።

የመጣው ፍሬ

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ በየቦታው ተጽፏልና። ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ዓመታት ከተመላለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1986 የሕፃናት ማሳደጊያ ድርጅታቸው በሕግ ተመዘገበ። ከአዲስ አበባ ውጭ የእርሻ መሬት ያዙ፤ ከልጆቹ ጋር እያረሱ በሉ፣ የተረፈውን ሸጡ። ልጆቹ የእጅ ሙያ ተማሩ። መጸዳጃ ቤቶች፣ የጋራ ማብሰያ ቤቶችና የውኃ ቦኖዎች በከተማው ውስጥ ተሠሩ። ድርጅቱ በራሱ ግምት 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ከሥራው ተጠቅሟል ይላል። አሁን በስማቸው የሚጠራ የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታልም አለ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የማስቀምጠው ሌላ ነገር ነው። ለራሳቸው ደመወዝ አልቆረጡም። የኖሩት ከልጆቹ ማሳደጊያ ጋር በተያያዘች ክፍል ውስጥ ነበር። የወለዱት ልጅ ባይኖርም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቤተሰብ እንዳላቸው፣ በአንዱም ነገር እንደማይቆጩ ተናግረዋል። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው በኮቪድ ምክንያት አረፉ። ያኔ ብዙ ቤት ሐዘን ነበር፤ የእሳቸው ሐዘን ላይ ግን እናቴ ሞተች ብሎ የሚያለቅሰውን መቁጠር አይቻልም።

አንድ በር

ወደኋላ መመለስ አለብኝ። መጀመሪያ ላይ መናገር ሲገባኝ ያቆየሁት ነገር አለ።

አበበች የተወለዱት በጥቅምት ወር፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሸበል አቦ በምትባል መንደር ነው። በዚያው ወር የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ። ገበሬ የነበሩት አባታቸው በጦርነቱ ሞቱ። ሕፃኗ አበበች ከእናቷ ጋር አያቶቿ ቤት አደገች። አባቷን የምታውቀው በወሬ ነው።

አሥር ዓመት ሲሆናት በዕድሜ ብዙ ለሚበልጣት ሰው ዳሯት። ሠርጉ እንዳለቀ ሮጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ወገኖቿ መልሰው ወሰዷት። ሰውየው ማታ ማታ ክፍል ውስጥ ይቆልፍባት ጀመር። አንድ ሌሊት በጣሪያው ቀዳዳ ሾልካ ወጣች።

የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ብቻዋን ናት። አዲስ አበባ ደረሰች።

እዚያ አንድ ቤተሰብ አስጠጋት።

የግሸን መንገድ ሲነገር፣ እንጀራው ሲነገር፣ ሆስፒታሉ ሲነገር፣ እኔ አሁን የማስበው ያንን ቤት ነው። አንድ ማታ በር ተንኳኳ። አቧራ የለበሰች፣ የደከማት፣ የማንም ያልሆነች ልጅ ቆማለች። የቤቱ እመቤት ማናት ብላ ጠይቃ ይሆናል። ምናልባት ያደረ እንጀራ ነበር፣ ምናልባት የሽሮ ወጥ ተርፎ ነበር። ምንጣፍ አንጥፎ ማስተኛት ብዙ አይከብድም። ለሁለት ቀን ታርፍ ብለውም ሊሆን ይችላል። እነሱ ስለ 1973 ዓ.ም. የሚያውቁት ነገር የለም። ያዩት አንዲትን ልጅ ነው።

ልጅቷ ቆየች። ትምህርት ቤት ገባች። ማንበብና መጻፍ ተማረች። በጣሪያ ያመለጠች ልጅ፣ በበር ገባች።